አስተርጓሚው ማን ነው?

ልጆቼ፣

ለክሊኒካል ሶሻል ወርከር፣ ማለትም በጤና ተቋም ታካሚን ለሚያማክር ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የቅጥር ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁት፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ የንድፈ ሐሳብ ስም ስትሸመድዱ አያችኋለሁ። ሸምድዱ፣ አይጎዳም። ፈታኝ ሆኜ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁና፣ ሰው የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ አይደለም።

የማልተዋት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። «የ15 ዓመት ልጅ ሆዴን አመመኝ ብላ መጣች፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘባትም፣ ወደ አንተ ላካት። የምትችለው ሶማሊኛ ብቻ ነው፤ አጎቷ አብሯት አለ። ምን ታደርጋለህ?» አብዛኛው «አዳምጣታለሁ» ይለኛል። በምን ቋንቋ? ስለው አጎቷን ይጠራልኛል።

እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ልጅቷ የሂጃቧን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ብዙ ታወራለች፤ እሱ «ደህና ነኝ ትላለች» ይለኛል። ካርዷ ላይ ያንኑ ጽፌ ሸኘኋት። ዳግም ስትመጣ ሶማሊኛ የምትችል ነርስ ጠራሁ። ለካ የምትፈራው አጎቷን ነበር።

ስለዚህ መልሳችሁን ከበሩ ጀምሩ። አስታማሚውን በአክብሮት ውጭ አስቀምጡ፤ ዘመድ ያልሆነ፣ ቋንቋውን የሚችል ባለሙያ ፈልጉ። ሚስጥሯን እንደምትጠብቁ ንገሯት፤ ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለብቻችሁ እንደማትይዙት ከመጀመሪያው ንገሯት። ይህችን ሁለተኛዋን ስሰማ ቀና እል ነበር።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቃችሁ አይቀርም። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ 9 ጥያቄ እንዳለው፣ ነጥቡም እስከ 27 እንደሚደርስ ሁሉም ይነግረኛል። ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ስለ መሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ በሚጠይቀው በመጨረሻው ጥያቄ ከ0 ሌላ መልስ ከመጣ እዚያው ቆሞ ማጣራት እንደሚገባ የሚነግረኝ ጥቂት ነው። በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም። ዕቅድ አላት? ማድረጊያው እጇ ላይ አለ? ብቻዋን አትተዉአት፤ ለተረኛው ሐኪም ወዲያው አሳውቁ።

ስለ ከተማዋም ይጠይቋችኋል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰው እንደወሰደ ካላወቃችሁ፣ ደመና ሲከብድ እንቅልፍ የሚያጣውን ታካሚ ምን ብላችሁ ትረዱታላችሁ?

ኮት ካላችሁ በክንዳችሁ ያዙት። በድሬ ሙቀት ለብሳችሁ ከገባችሁ የምናየው መልሳችሁን ሳይሆን ላባችሁን ነው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ስንል ሁሉም ደመወዝ ይጠይቃል፤ ነውር የለውም። አንዲት ልጅ ግን «የምክር ክፍሉ በር ይዘጋል?» አለችን። አይዘጋም ነበር። እርስ በርስ ተያየን፤ ሰብሳቢው ብዕሩን አንስቶ ጻፈ።