የከብት በረት ለብርድ ወራት የዶሮ ቤት ሲሆን

ጥያቄ፦ ከብት ይታሰርበት የነበረ፣ 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ባዶ በረት አለኝ። ግድግዳው እንጨት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ቆርቆሮ ነው። 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼን ብርዱ እስኪያልፍ እዚያ ላስገባቸው አስቤአለሁ። ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ ማሞቂያ አምፖል ልስቀል ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ቀዳዳውን ሁሉ እንዳይደፍኑት። በረት ለዶሮ ሲዘጋጅ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ያደገችና ላባዋ የተሟላ ዶሮ የሰውነት ሙቀቷ 41 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ላባዋን ነፍታ ደረቅ ብርድን በደንብ ትችላለች። የሚጎዳት እርጥበት ነው። 50 ዶሮዎች በቀን ከ10 እስከ 12 ሊትር ውሃ ይጠጣሉ፤ አብዛኛው በትንፋሽና በኩስ ተመልሶ ይወጣል። ቤቱ ከታፈነ ያ ውሃ ሌሊት ቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ያድርና ጠዋት ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። ከረጠበው ኩስ አሞኒያ የሚባል የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይነሳል፤ ዓይናቸውን ያቃጥላል፣ መተንፈሻቸውን ያቆስላል። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታም የሚበረታው እርጥብ ጉዝጓዝ ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ከታች ይዝጉ፣ ከላይ ይክፈቱ። ዶሮዎቹ ከሚያድሩበት ቆጥ በታች ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በጣውላ ወይም በጭቃ ይድፈኑ። ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ግን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ይተዉ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል የሚዘጋና የሚከፈት ሳንቃ ያድርጉለት፤ በተቃራኒው በኩል ያለው በብርድ ሌሊትም አይዘጋ። ክፍተቶቹን ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ይሸፍኑ። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያግዳል እንጂ አይጥንና ሸለምጥማጥን አያስቆምም።

በረቱ ለ50 ዶሮ ይሰፋል። ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ ገደማ ስለሚበቃ ግማሹን፣ ማለትም 3 ሜትር በ4 ሜትሩን፣ በጣውላ ከፍለው ያስገቧቸው፤ ቀሪው መኖና ገለባ ይቀመጥበት። ጣሪያው ከፍ ያለ መሆኑ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚወስደው በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ሽቦ ወጥረው በላዩ ደረቅ ገለባ ሳሳ አድርገው ይበትኑ። እርጥቡ አየር በገለባው መሃል አልፎ ከላይ ባለው ክፍተት ይወጣል፤ ገለባውም ጠብታውን ይመጥጣል። በወሩ ዳስሰው ከረጠበ ይለውጡት።

ከዚያ በፊት ጽዳት ይቀድማል። የድሮውን ፍግ ወለሉ እስኪታይ ይጥረጉ፤ ሽንት የጠጣውን ጥግ በደንብ ይፈግፍጉ፣ ይጠቡ፣ ግድግዳውን ኖራ ይቀቡና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀያይ ነፍሳት ስለሚኖሩ ኖራው ስንጥቁ ውስጥ ይግባ። ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ ይቀመጥበት ከነበረ ቅሪቱን ጠራርገው ያውጡ፤ ዶሮ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች።

ለጉዝጓዝ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ተቆራርጦ የደረቀ ገለባ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያንጥፉ። ለ12 ካሬ ሜትር 100 ሊትር የሚይዝ ጆንያ 14 ወይም 15 ይፈልጋል። የደቀቀ ሰጋቱራ አቧራው ስለሚያስቸግር አልመክርም። በየጊዜው አገላብጠው በላዩ አዲስ ይጨምሩ። ልኩን እጅዎ ይነግርዎታል፦ እፍኝ ሙሉ ጨብጠው ሲለቁት ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ቀስ ብሎ ከፈረሰ ደህና ነው። ሲረጥብ ኖራ አይበትኑበት፤ አሞኒያውን ከኩሱ ያስለቅቀዋል።

ለቆጥ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ይግጠሙ። ዶሮዋ ስትቀመጥ ጣቶቿ በሆዷ ላባ ይሸፈናሉ፤ በቀጭን ዘንግ ላይ ግን ጣቶቿ ተጠምጥመው ከፊላቸው ለብርድ ይጋለጣል። ለአንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ሲታሰብ 3.5 ሜትር የሆኑ 3 እንጨቶች ይበቃሉ፤ በመካከላቸው 30፣ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ክብደት ያላቸው ዶሮዎች ሲዘሉ እግራቸውን ይጎዳሉ። የእንቁላል መጣያ ሳጥኖቹ (30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ብዛታቸው 10) ከቆጡ ዝቅ ይበሉ፤ ካልሆነ እዚያው ያድሩና ኩስ ይሞሉታል። ከቆጡ ሥር ሰሌዳ አድርገው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጠርጉ የእርጥበቱን ትልቅ ድርሻ ያስወግዳሉ። መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ልክ ከፍ ያድርጉት፤ የሚፈሰው ውሃ ይቀንሳል።

ማሞቂያ አምፖሉን ይተዉት። ገለባ፣ አቧራና ላባ ባለበት ቤት እሳት ያስነሳል። ይልቅ መኖ ይጨምሩ፦ በአዘቦት በቀን 120 ግራም የምትበላ ዶሮ በብርድ 10 ከመቶ ያህል ትጨምራለች፤ ለ50ዎቹ ከ6 ወደ 6.6 ኪሎ ያሳድጉት። ቀኑ አጭር ከሆነና እንቁላሉ ከቀነሰ በዶሮዋ ራስ ከፍታ ጽሑፍ ለማንበብ የሚበቃ አንድ ኤልኢዲ አምፖል፣ ከገለባው አርቀው፣ ንጋት ላይ ያብሩ፤ ከቀን ብርሃኑ ጋር 14 ሰዓት እስኪሆን በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ምሽት ላይ በርቶ ድንገት ከጠፋ ቆጥ ሳይወጡ በጨለማ ይቀራሉ። 18 ሳምንት ላልሞላቸው ቄቦች ግን አይጨምሩ፤ ሰውነታቸው ሳይጠና መጣል ይጀምራሉ።

ዶሮዎቹን ከማስገባትዎ በፊት ነፋስ ባለበት ምሽት ሻማ ለኩሰው በቆጡ ከፍታ ይያዙ፦ ነበልባሉ ከተጋደመ ከአጠገቡ ያልተደፈነ ስንጥቅ አለ። ካስገቧቸው በኋላ ደግሞ ጠዋት በሩን እንደከፈቱ፣ አፍንጫዎ ሽታውን ሳይለምደው፣ በዶሮ ቁመት ጎንበስ ብለው ያሽትቱ። ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት የላይኛውን ክፍተት በዚያው ቀን ያስፉ፣ የረጠበውን ጉዝጓዝም አውጥተው በደረቅ ይተኩ።