«ድፈነውና ተገላገል» ለተባልኸው የአዘዞ ልጅ

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በአውቶ ኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ተምረህ እዚሁ ጎንደር በአዘዞ መንገድ ካለ አንድ ጋራዥ በረዳትነት ተቀጥረሃል። ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ሰንሩፉ፣ ማለትም የጣሪያው ተከፋች መስታወት፣ አልገጥም ያለ አሮጌ የቤት መኪና ይዞ ሲመጣ አለቃህ «በሲሊኮን ድፈነውና ተገላገል» አለህ፤ አንተ ግን ኮርኒሱን፣ የጣሪያውን የውስጥ ልባስ፣ አውርደህ ሁለት ቀን ለፋህበት፤ በመጨረሻም መስታወቱ ቢገጥምም የተከፈለው ገንዘብ የአንድ ቀን ድካምህን እንኳ አልሸፈነም። በዚህ ላይ አባትህ ከጋራዥ እንድትወጣ፣ አጎትህ ደግሞ እርሳቸው ወጪውን ችለው የማታ የሂሳብ አያያዝ ዲግሪ እንድትማር ይፈልጋሉ። ጥያቄህን በራስህ ቃል ላስቀምጠው፦ «እንዲህ ያለው ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይስ ሞኝነት ነው?»

ከጠየቅኸኝ ሁሉ በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ያስተማርሁት የመኪና ኤሌክትሪክ ስለሆነ «ድፈነው» የሚል ቃል ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ሚዛኔ ወደ ጋራዡ ያጋደለ ከመሰለህ ይህንንም ቆጥረህ አንብበኝ።

ከደብዳቤህ ዓይኔን የያዘው፣ መስታወቱ ሲመለስ የቀኙ ጥግ ቀድሞ እንደሚደርስና የግራው የጣት ውፍረት ያህል እንደሚቀር የጻፍህበት ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ አይነሣም። መስታወቱን የሚገፉት በግራና በቀኝ ሐዲድ ውስጥ የሚሄዱ ሁለት ኬብሎች ናቸው፤ ሁለቱንም የሚነዳቸው አንድ የሞተር ጥርስ ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ወደ ኋላ ከቀረ ወይ የዚያ ወገን ኬብል ጥርስ ዘሏል፣ ወይ መስታወቱን የሚሸከመው ፕላስቲክ ተሰብሯል፣ ወይም ሐዲዱን አቧራና የደረቀ ግራሶ ተጋግሮበት መንገድ ዘግቷል። አንተ ያገኘኸው የተጋገረ ሐዲድና በዚያው ሰበብ ጥርስ የዘለለ ኬብል ነበር። አለቃህ ከአንተ ይልቅ ብዙ መኪና ነክቷል፤ ይህን መኪና ቆሞ ያየው ግን አንተ ነህ።

ሁለተኛውን ቀን የበላብህ ሌላ ነገር መሆኑንም ልንገርህ። ሞተሩን መልሰህ ስትገጥም መስታወቱ ከተዘጋ በኋላ ራሱ እየተከፈተ ያስቸገረህ፣ ሞተሩ «ተዘግቷል» ብሎ የሚያውቀው ቦታና መስታወቱ በእውነት የተዘጋበት ቦታ ስለተለያዩ ነው። በአሮጌዎቹ ሥሪቶች ይህንን የሚወስኑት ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚዞሩ ትንንሽ ስዊቾች ናቸው፤ ቀረብ ባሉት ዘመናት በተሠሩት ደግሞ መቆጣጠሪያው ቦታውን በትውስታ ይይዛል፣ ባትሪ ሲነቀል ወይም ሞተሩ ሲወርድ ደግሞ ሊጠፋበት ይችላል፤ ያኔ ያልጠበቀው እንቅፋት ሲገጥመው የሰው እጅ የተያዘ መስሎት መስታወቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ ሞተሩ ተመልሶ ከመገጠሙ በፊት መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ፣ ሁለቱ ኬብሎች እኩል ቆመው፣ ሞተሩም በመዝጊያ ቦታው ላይ ሊሆን ይገባል፤ እንደገና የማስተማሩ አሠራር ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የሠሪውን መመሪያ ማየት ግድ ነው። ይህን አስቀድመህ ብታውቅ ኖሮ የሁለት ቀኑ ሥራ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ዕውቀት ወደ ገንዘብ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነውና ልብ በለው።

አለቃህ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። መለዋወጫው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ሆነ ከተበተነ መኪና የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ባለቤቱ ተነግሮትና ተስማምቶ መስታወቱን በእጅ መዝጊያው ዘግቶ፣ አሠራሩን እዚያው አስሮ፣ ፊውዙን ነቅሎ መስጠት ሐቀኛ ሥራ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ሲሊኮን መለቅለቅ ግን ሌላ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን የበጋው ፀሐይ ጎሚኒውን፣ በመስታወቱ ጠርዝ ያለውን ጎማ፣ ያደርቀዋል፤ መስታወቱና ላሜራው እኩል ስለማይለጠጡም ድፍኑ ውሎ አድሮ ሊላቀቅ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሰንሩፍ መጀመሪያውኑ ውኃ ጨርሶ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ አለመሆኑን ነው፤ በጎሚኒው አልፎ የሚገባው ጥቂት ውኃ በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ገንዳ ተሰብስቦ በማዕዘኖቹ ባሉ ቱቦዎች በኩል ወደ ውጭ ይወርዳል። ዳፋኙ ቱቦውን ሳያጸዳ፣ አንዳንዴም ራሱ ሲሊኮን አስገብቶበት ሲሄድ፣ ውኃው በኮርኒሱ ይዞር እና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ወይም ወደ ወለሉ ምንጣፍ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥገና ከሰንሩፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጥፋቱ ሥራው ላይ ሳይሆን አከፋፈሉ ላይ ነው፤ ደንበኛው የከፈለው ለገጠምኸው ነገር ብቻ ነው፣ ችግሩን ለማግኘት ላጠፋኸው ሰዓት ግን ማንም አልጠየቀውም። ከእንግዲህ ምርመራን ከጥገና ለይታችሁ ዋጋ ንገሩ፦ ኮርኒስ ሳይወርድ መጀመሪያ ይህን ያህል ይከፈላል፣ ያገኘሁትን አሳይሃለሁ፣ ከዚያ ይጠገን ወይም ይታሰር ትመርጣለህ ማለት ነው። ደንበኛው በዋጋ ቢከራከርም በስልክህ ያነሣኸውን የተሰበረ ፕላስቲክ ሲያይ ከማያውቀው ነገር ጋር መከራከሩን ይተዋል። አለቃህም ቅሬታው የሚያዝለት ቦታ ይህ ነው፤ መኪና ቆሞ ቦታ ይዞበታልና ለቆመበት ሰዓት የሚከፍል ካላገኘ «ድፈነው» ማለቱን አይተውም።

በሰንሩፍ ብቻ ጎንደር ውስጥ አትኖርም፤ ያን ያህል መኪና የለም። ነገር ግን መስታወት የሚያወጣውና የሚያወርደው ሞተር፣ የበር ቁልፉ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ ከየት እንደገባ የማይታወቀው ውኃ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዓይን የሚታዩ ናቸው፤ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ያለው ጋራዥ ደግሞ በአብዛኛው እነዚህን ሥራዎች «ለኤሌክትሪክ ሠሪ» እያለ ያባርራቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋ ወደ ላይ አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወስኗል። የዚህ ትርጉም ለአንተ ግልጽ ነው፤ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ብዙ ዓመት ያስጠግናታል እንጂ አይለውጣትም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ ሲበዙም የነዳጅ ሞተር የሚፈታው ወዳጅህ ሥራ ይቀንስበታል፤ የመስታወትና የበር ሞተር፣ ሽቦና ስዊች ግን በእነርሱም ውስጥ አለ።

አባትህ «በግራሶ የጨቀየ እጅ ይዘህ ማን ያገባሃል» ማለታቸውን ጽፈሃል። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ይህ ስለ ሥራ የተሰጠ አስተያየት አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይላል የሚል ስጋት ነው፣ የጎረቤት አስተያየት ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የአጎትህን ስጦታ ስትመዝን ክፍያው የእርሳቸው ቢሆንም ዓመታቱ የአንተ መሆናቸውን አትርሳ። የሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች በየቀኑ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ጥርስ የዘለለ ኬብል በዓይኑ የሚለይ ልጅ ግን አይመጣም፣ ሥራ ላይ ነውና። አጎትህ በእውነት ሊረዱህ ከፈለጉ ያንኑ ገንዘብ ለጥሩ መሣሪያ እንዲያደርጉት በትሕትና ጠይቃቸው፤ እምቢ ካሉ ስጦታው ለአንተ ሳይሆን ለዲግሪው እንደነበረ ትረዳለህ። ሂሳብ መያዝን በተመለከተ አጭር ሥልጠና በቂህ ነው፤ የራስህን ጋራዥ ስትከፍት ይጠቅምሃል።

የቀሩትን በአጭሩ፦ የብቃት ምዘናውን ሳትወስድ መቆየትህ አልገባኝም፤ በዚህ ዓመት ውሰደው። አዲስ አበባ ለመሄድ አትቸኩል፤ መጀመሪያ እዚህ ስምህ ይታወቅ። የኮምፒውተር መመርመሪያውን በብድር አትግዛ፣ እቁብህ ሲደርስህ ይደርሳል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ በደብዳቤህ ስለ ቱቦዎቹ ምንም አላነሣህም። ሰኔ ሳይገባ ደንበኛውን ደውለህ ጥራው፤ መስታወቱን ከፍተህ በእያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ገንዳው ጥቂት ውኃ አፍስስና በመኪናው ሥር መውረዱን ተመልከት። ካልወረደ በለስላሳ ገመድ ቀስ ብለህ ክፈተው እንጂ በኮምፕሬሰር አትንፋው፤ ቱቦው ከመጋጠሚያው ከተነቀለ ኮርኒሱን እንደገና ልታወርድ ነው። ለዚህ አታስከፍለው።