መልስ፦ በሰሜን ተራሮች ዝናቡ ቀንሷል ወይ?

ወንድሜ፣ «በሰሜን ተራሮች ዝናቡ ከአባቶቻችን ዘመን ቀንሷል ወይ?» ላልኸው መልሱ መነሻህን ይከተላል። ቆጠራውን ከ1977 ድርቅ ብትጀምር የጨመረ ይመስልሃል፤ ዝናብ ከጠገበው ከ1950ዎቹ ብትጀምር ደግሞ የቀነሰ። ስለዚህ ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ያዝ፤ የጎንደር ከተማን ጣቢያ ብቻም አትመን። ደባርቅ በጭጋግ ተሸፍና ሲዘንብባት ከገደሉ ማዶ ያለው የተከዜ ሸለቆ ደረቅ ነው። እንደ 2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት) ሲበረታም ክረምቱ ይዳከማል።

እኔን ግን ከድምሩ ይልቅ አመጣጡ ያስጨንቀኛል። ነሐሴ ሳያልቅ ዝናቡ ሲያቋርጥ፣ ያማረ የገብስ ዛላ በእጄ ፈልፍዬ ፍሬው ቀጭጮ አግኝቼዋለሁ። የዓመቱ ድምር ይህን አያሳይም፤ የዝናቡን መግቢያና መውጫ ቀን ለይተህ መዝግብ።