ወደ ኋላ ስታቆማት የምትወረወር መኪና

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የድሮ ማኑዋል ኮሮላ አለው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ሲያቆም፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ ትንቀጠቀጥና ትወረወራለች። ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ትጠፋለች። ከሁለት ወር በፊት የፍሪሲዮን ሸራ (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ዲስክ) ተቀይሯል። መካኒኩ ሲያስረክበው «እንዳትጠፋብህ ሚኒሞውን ከፍ አድርጌዋለሁ» ብሎታል። ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት ነው።

ወንድሜ፣ ይቺ የመካኒኩ ቃል ናት ያነቃችኝ። እግርህን አትውቀስ፤ ሚኒሞው ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር፣ የኋላ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ብትለቅ፣ ነዳጅ ሳትነካ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው። ሚኒሞው 1,200 ከሆነ ግን ወደ 9 ይጠጋል። ይሄ ሶምሶማ ነው፣ ያውም ግድግዳው አንድ ሜትር ቀርቶህ! ከዚያ በታች በዝግታ ለመሄድ ያለህ መንገድ ሸራው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ዲስክ) ላይ እየተንሸራተተ፣ ግማሽ እየያዘ ግማሽ እየለቀቀ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ፓርኪንግ ላይ ፍጥነት በግራ እግር የሚያዘው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ሸራው የሚውጠው ልዩነት ይሰፋል። ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ሲይዝም በድንገት ይይዛል።

መጀመሪያ ሞተሩን በደንብ አሙቅ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። ከዚያ ሚኒሞውን ወደ 800 አውርድ። ብትጠፋ መልሰህ አትስቀለው፤ የአየር ማጣሪያውንና ካርቡራተሩን አጽዳ። ሚኒሞ መስቀል ችግሩን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ እናደዳለሁ። ሸራ ብቻ ቀይሮ፣ ያረጀውን ፕሬሸር ፕሌት (ሸራውን የሚጫነውን) እና የፍሪሲዮን ኩሽኔታ መልሶ፣ ቮላኖውን ፊቱ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ሳይልኩ መግጠምም ያው ነው። ርካሽ ሸራ ደግሞ በወራት ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛ ሲወርድ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) የማውረጃውን ሒሳብ የምትከፍለው አንተ ነህ።

ሚኒሞው ከተስተካከለ በኋላ ሰፊና ሜዳ ቦታ ላይ ተለማመድ። ቀኝ እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን፣ ነዳጅ ላይ አይደለም። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ አንሳ፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል እግርህን እዚያው ያዝ፣ ፍሬኑን ልቀቅ። ስትፈጥንብህ ፍሪሲዮኑን አንድ ጣት ያህል መልሰህ ርገጥ። ለመቆም ሁለቱንም አብረህ ርገጥ። እስካሁን ስትጠፋብህ የነበረው ፍሬን ብቻ እየረገጥክ ነው። ከኋላህ ቁልቁለት ከሆነ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ርገጥና በፍሬን ብቻ ውረድ።

«ና! ና!» እያለ የሚያስገባህ የፓርኪንግ ልጅ ካለ፣ በመኪናውና በግድግዳው መሀል እንዳይቆም አድርግ። በጎን በኩል ይቁም። በስፖኪዮ ካላየኸው እዚያው ቁም።

ሚኒሞው ተስተካክሎም ወደ ኋላ ስትሄድ ብቻ ከተንቀጠቀጠች፣ የሞተር ሱፖርቶቹን (ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር ይዘው የሚያቆሙትን የጎማ መደገፊያዎች) እይ። ኮፈኑን ከፍተህ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ የኋላ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ለቀቅ ስታደርግ ሞተሩ ብድግ ካለ ሱፖርት አልቋል። ሞተሩን የሚያይልህ ሰው በጎን ይቁም። ከፊትም ከኋላም ማንም እንዳይኖር።