በመስቀል ሁለተኛ፣ በጥር ጭራ

ከደላንታ የጻፉልን አባት ጥያቄያቸው አጭር ነው። «ዳማ ፈረስ አለኝ፤ ሰባት ዓመቱ ነው። አሸንፎ አያውቅም። በመስቀል ሁለተኛ ወጣ። በጥምቀት ከፊት ተነስቶ መሃል ላይ ቀረ። በጥር ሰርግ ጭራ ወጣ። ገብስ አላጓደልኩበትም። ሲመለስ ትንሽ ያስለዋል። ደረቱን አስተኩሰው ይሉኛል። ልሽጠው ወይ?»

አብሽሩ። ከፊት የሚነሳ ፈረስ እግሩ ደህና ነው፤ ሰባት ዓመትም ገና ጉልበቱ ነው። እኔን የያዘኝ «ትንሽ ያስለዋል» ያሏት ነገር ናት። በመስከረም ለምለም ሣር ይግጥ ነበር። ከውቂያ በኋላ ግን የገብስ ጭድ ላይ ገባ። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም። በሽምጥ ሲጋልብ ደግሞ በየዝላዩ አንዴ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሳንባው በጭድ ብናኝ ከተቆጣ መነሻ ላይ አይታወቅም፤ መሃል ላይ ያልቅበታል። የእርስዎም ፈረስ ነገሩ ይኸው ይመስለኛል።

መፍትሔው አንድ ጆግ ውኃ ነው። ጭዱን ከበረት ውጭ፣ ፈረሱ በሌለበት፣ በነፋስ አራግፉት። የሸተተውን ወይም የሻገተውን ጣሉት። ቀሪውን የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘርግታችሁ ውኃ እየረጫችሁ በእጅ አገላብጡ፤ ስትጨብጡት አቧራ እስካያነሳ ድረስ። ንጹሕ ውኃ ይሁን፣ የልብስ እጣቢ አይሁን። ወዲያው ስጡት። የተረፈውን ማታ አንሱ፤ እርጥብ ጭድ ካደረ ይሻግታል። ከፍ ባለ ግርግም ሳይሆን መሬት ላይ ይብላ፤ አንገቱን ሲደፋ አክታው ይወርድለታል። በረቱ ሲጠረግ ውጭ ይቁም፤ ከምድጃ ጭስም ይራቅ። የደላንታ ብርድ ያሳስባችኋል፣ አውቃለሁ። ግን ፈረስ ከታፈነ ቤት ይልቅ ብርዱን ይችላል።

መተኮሱን ግን ተዉት አባቴ። ሳል በመጣ ቁጥር ብረት የሚያግል ሰው አላጣም። ቁስል ይጨምራል እንጂ የሳንባ አቧራ አያወጣም። የውድድር ዕለት ጠዋት ገብስ ማጨቅም እንዲሁ አይረዳም።

ለሦስት ሳምንት ግልቢያ ይቅርበት፤ በእርምጃ ብቻ ያንቀሳቅሱት። ጠዋት ሳይበላ ሽንጡን እያዩ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ይተነፍሳል። ከ20 ካለፈ፣ ካተኮሰው፣ ከአፍንጫው ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ከወረደ ወይም ከዓይኑ በላይ ካበጠ የኔን ምክር ትተው ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይውሰዱት።

ያሸንፋል ብዬ አልምልም፤ ሌሎቹን ፈረሶች አላየኋቸውም። ሳሉ ከጠፋ ግን መሃል ላይ አይቀርም። ካልጠፋም በጥር አያስሩጡት፤ መስከረም ላይ፣ ለምለም ሣር እየጋጠ ሳሉ ሲተወው ያሰልፉት። አሁን ግን አይሽጡት፤ ገበያ ላይ ቆሞ የሚያስል ፈረስ ዋጋ አያወጣም።