የፊርማው ወረቀት ለማን ይድረስ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን የመጡት ደብዳቤዎች ሲጨመቁ አንድ ናቸው። «ይህ ነገር መለወጥ አለበት፤ እኛ ግን ተራ ሰዎች ነን፤ ከየት እንጀምር?» ይላሉ። ረጅሞቹን አሳጥሬአለሁ። ተሳዳቢዎቹን ትንሽ አለስልሻለሁ።

ከቆዳ ፋብሪካ በታች የሚኖሩ ሰፈርተኞች እንዲህ ብለዋል፦ ወንዙ አንዳንድ ጠዋት ሰማያዊ፣ አንዳንድ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። ሽታው ማዕድ ቤት ድረስ ይገባል። ከ200 በላይ ሰው አስፈርመን ለወረዳው ካስገባን አራት ወር አለፈ፤ መልስ የለም። እንደገና ፊርማ እናሰባስብ?

ተዉት፣ ፊርማው ይበቃል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ የሄደበት ቦታ ላይ ነው። የላካችሁልኝን ቅጂ አነበብኩት። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። እንደዚያ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። ውስጡ ደግሞ ወንዙ አለ፣ መንገዱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ የአንድ ኃላፊ ጠባይ ሳይቀር አለ። ወንዙን ብቻ አስቀሩ።

አሁን ወደ ሕጉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ተጽፏል። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የሚያቀርበውም ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አስቡት፤ አቤቱታችሁ ያኔውኑ ለዚህ መሥሪያ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ አራት ወር ዝም ብላችሁ ስትጠብቁ የፍርድ ቤቱም ጊዜ ባለፈባችሁ ነበር። ስለዚህ እንደ አዲስ ጀምሩ፤ በዚህኛው ዙር ግን ቀን ቁጠሩ።

ቀን ለመቁጠር መነሻ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉ። «አለቃዬ ይምጣ» ከተባላችሁ አለቃው እስኪመጣ ተቀመጡ። ያለ ማህተም መመለስ የለም። ከሰፈሩ ደግሞ ጽሑፉ የሚነበብለት አንድ ሰው ምረጡና ደብተር ስጡት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለም፣ ከብት ጠጥቶ ታሞ እንደሆነ ይጻፍ። ፎቶው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሳ።

ሌላም አለ። ደብዳቤያችሁ «ፋብሪካው ይዘጋ» ይላል። እዚያ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችሁ ለምን እንዳልፈረሙ ገባችሁ? «የፍሳሽ ማጣሪያው ይሥራ» በሉ፤ እነሱም ይፈርማሉ። ማጣሪያው መቼ እንደሚጠፋ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ጠበቃ ግን የግድ ነው። ይህን ለወጉ አይደለም የምለው። አፓፕ የተባለው የመብት ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች ብክለት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። የከሰሰው ፋብሪካዎቹን ሳይሆን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ነው፤ ክሱም ተቀባይነት አላገኘም። ማንን እንደምትከሱ ለብቻችሁ አትወስኑ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው። በአቅራቢያችሁ ያለውን ፈልጉ።

«የጻፍኩትን 40 ሺህ ሰው ላይክ አደረገው። ይህ ለውጥ አይደለም?» ለሚለው ወንድሜ፦ ከ40 ሺሁ ውስጥ አሥሩ ቅዳሜ ጠዋት በአካል ይመጣሉ? ጠይቃቸውና ጻፍልኝ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ብሏል። የመፈክራቸውን ረቂቅም አያይዟል።

ሕጉ ላይ የተጻፈው ፈቃድ መጠየቅ ሳይሆን ማሳወቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መብቱን ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። አስተዳደሩ ቦታውን ወይም ጊዜውን ለውጡ ማለት ከፈለገ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ጨርሶ አይደረግም ሊል አይችልም። በተግባር ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው «ፈቃዱ የታለ?» ተብለህ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ እኔን አንብበህ እንዳትወጣ። ጠበቃ አናግር። በማሳወቂያው ላይ የሚፈርሙት እነማን እንደሆኑ፣ አንድ ሰው ቢያዝ ለማን እንደሚደወል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ መፈክሩ፦ 23 ቃል ቆጠርኩ። በየካቲት 1957 ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ሲሰለፉ ይዘውት የወጡት «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ነው። ማን ምን እንደሚፈልግ ገበሬውም ሚኒስትሩም እኩል ይገባዋል። እንዲያም ሆኖ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ1967 ነው። ሁለት ቃል አሥር ዓመት ከወሰደ 23ቱን አንተው አስላ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ሌሎቹን አስቀምጬ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። ጸሐፊዋ መምህርት ናት። በተመደበችበት ወረዳ ሴት ልጆች አሁንም ይገረዛሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ጉዳቱ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡላት፣ መረቋትም። ክረምቱ ሲገባ ከተማሪዎቿ መካከል ሁለቱ ተገረዙ። «ሕጉ አለ፣ እውቀቱ አለ፣ ለምን አይሰሙም?» ትላለች።

እህቴ፣ ሰምተውሻል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬን ታውቂያቸው ይሆናል። ከምባታ ተወልደው፣ እሳቸውም ተገርዘው፣ ውጭ ተምረው ነው የተመለሱት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከእህታቸው ጋር ሆነው ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሲመጡ ሕዝቡ የነገራቸው የግርዛትን ነገር አልነበረም። ድልድይ አጥተናል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ወደ ገበያ መሻገር አልቻለም ነው ያሏቸው። እሳቸውም ገንዘብ አፈላልገው ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ የሚናገሩትን ለመስማት ሰው ተቀመጠ። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድ ላይ እየተቀመጠ በየጊዜው ተወያየ። አስተማሪ ተናግሮ፣ ተጨብጭቦ የሚያልቅ ስብሰባ አልነበረም።

በውይይቱ የወጣው ነገር ዋናው ነው። እናት ልጇን የምታስገርዘው ስለምትጠላት አይደለም። ካልተገረዘች የሚያገባት አታገኝም ብላ ፈርታ ነው። አንዲት እናት ብቻዋን «እኔ ትቻለሁ» ብትል ልጇን ብቻዋን ለአደጋ አጋለጠቻት ማለት ነው። የወንዶቹ ቤተሰቦች «ያልተገረዘች እናገባለን» ብለው በአደባባይ እስካልተናገሩ ድረስ የሕክምናው ትምህርት ፍርሃቱን አይነካውም። በ2002 እ.ኤ.አ. ከምባታ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት ሙሽራ አልተገረዝኩም፣ ከእኔ ተማሩ የሚል ጽሑፍ አንግታ በብዙ ሕዝብ ፊት ተዳረች። ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ «ማን ያገባታል?» ለሚለው ጥያቄ በስም የሚጠራ መልስ ተገኘ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ አትናገሪ። ጠይቂ። የእነሱ ድልድይ ምንድን ነው? ምናልባት ውሃ ነው፤ ምናልባት የትምህርት ቤቱ መፀዳጃ ነው። ከዚያም የወንድ ተማሪዎችሽን አባቶች ለብቻ ሰብስቢ። እስካሁን ማንም አላናገራቸውም ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። አንዲት ልጅ በዚህ ሳምንት ልትገረዝ እንደሆነ ካወቅሽ ግን ድልድይ አይጠበቅም። ግርዛት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ወንጀል ነው። በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ንገሪ። የተገረዙት ሁለቱ ልጆችም ደም ወይም ትኩሳት ባይኖራቸው እንኳ ጤና ጣቢያ ይታዩ። ይህን ለነገ አታሳድሪው።

የወንዝ ጽዳት ዘመቻችን ቲሸርት ነጭ ይሁን ወይስ አረንጓዴ? ነጭ። ማን እንደሠራና ማን ፎቶ ሊነሳ እንደመጣ ማታ ይለያል።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር ችግኝ የምትተክል አንባቢ፣ ሄጄ ሳየው ደርቋል፣ ተስፋ ቆረጥኩ ብላለች።

ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ሲጀምሩ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፈል የነበረው ስለተተከለው ሳይሆን ስለጸደቀው ችግኝ ነው። ደቡብ ጎንደር ደግሞ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ማሳጠር ጀመሩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ገበሬው ማሳው ጠራለት፤ ደኑ ውስጥም ከብት አልገባም፤ ቡቃያው ተረፈ። እናንተም ዘንድሮ ግማሹን ትከሉና በቀረው ገንዘብ እስከ ግንቦት የሚያጠጣና ከብት የሚከላከል ሰው ቅጠሩ። አለቃችሁ ፎቶ ካማረው ግንቦት ላይ ይነሳ።

ማኅበር ለማቋቋም ስንት ሰው ያስፈልጋል? በአዋጅ 1113/2011 በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለመመሥረት ሁለት ሰው ይበቃል፤ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር ግን አምስት አባላት ይፈልጋል። ዝርዝሩን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይነግርሃል። በአንድ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ክልሉን ጠይቅ።

በመጨረሻ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ። የጎንደርና የባሕር ዳር ልጆች ነን፣ ለጣና እንቦጭ ማሽን ልንገዛ ገንዘብ እያዋጣን ነው፣ ምን ትላለህ ብለዋል።

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ጥያቄው። ነዳጁን ማን ይሞላል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የታጨደው እንቦጭ የት ይደፋል? ዳር ላይ ከተተወ ክረምት መልሶ ያስገባዋል። ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይም አንድ ጊዜ አጭዶ መገላገል የለም። እስካሁን ትልቁን ሥራ የሠራው ገበሬው ነው፤ በእጁ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ። ያ ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ልብስ፣ ጓንት፣ የታጨደውን የሚያርቅ ጋሪ፣ ለሠራተኛው ምሳ፣ የዓመት አንድ ጊዜ የጤና ምርመራ፤ እነዚህ ከማሽን ይረክሳሉ። ፎቶ ላይ ግን አያምሩም፣ ይገባኛል። ክረምት ለዕረፍት ከሚመጡት መካከል ሁለት ሰው ደንቢያ ይውረድና ገበሬዎቹን ምን እንደጎደላቸው ይጠይቅ። ማሽን ነው ካሉም ግዙ፤ ነዳጁን የሚሞላው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ካረጋገጠላችሁ በኋላ።