በረዶ የመታት አውሮፕላን፦ ለወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጎጃም ክረምቱ ሲገባ በረዶውም አይቀርም። እስቲ ስለ እሱ ላውራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ባሕር ዳር ውጭ ያደረች ባለ አንድ ሞተር ሴስና በረዶ መትቷት እንዳያት ተላክሁ። ቀትር ላይ ደረስኩ። ዞር ዞር ብዬ አየኋትና "ደህና ናት" አልኩ። አመሻሹ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክንፏ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ! እፍረቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የቀትር ብርሃን ስርጉድ ይደብቃል። ባትሪ ያዙና ብርሃኑን በክንፉ ላይ አግድም ልቀቁት፤ ጥላው ያሳብቃል።

ልጆች ትልቁን ስርጉድ ይፈልጋሉ። እኔ ቀድሜ የማየው ክንፉ ላይ ያለውን ኤሌሮን፣ ጅራቱ ላይ ያሉትን ኤሌቬተርና ሩደር ነው፤ አብራሪው አውሮፕላኗን የሚመራባቸው ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ናቸው። ቆርቆሯቸው ስስ ነው፤ ሚዛናቸውም የተለካ ነው። እዚያ ላይ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት የመኪና ባትላሜራ ሥራ ነው። ትንሽ ክብደት ሲጨመርበት ሚዛኑ ይዛባል። ሚዛኑ የተዛባ ኤሌሮን ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገባል፤ ክንፍ እስከ መስበር ይደርሳል። ከዚያ የክንፉን የፊት ጠርዝ እዩ። ቆርቆሮውን በሚያያይዘው ሚስማር፣ በሪቬቱ ዙሪያ ጥቁር አቧራ ካለ ሪቬቱ ላልቷል ማለት ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ስርጉድ እንደሚፈቀድ የአምራቹን ማኑዋል ጠይቁ እንጂ ዓይናችሁን አትመኑ። ፋይበር የሆነው ክፍል ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። በሳንቲም ኳ ኳ አድርጉት፤ ድምፁ ከታፈነ ተጠራጠሩ። ስርጉዱን ስታከቡ በእርሳስ አይሁን፤ እርሳስ አሉሚኒየም ያስበላል።

በማግስቱ ቃሌን አጥፌ "አትበርም" ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ ተቆጣ። "ቀለሟ እንኳ ሳይላጥ! ትናንት ደህና ናት አላልክም?" አለኝ። ምን ልበል? ልክ ነበር፤ ብያለሁ።

ጥበቃው አንድ አዛውንት ነበሩ። "ልጄ፣ በረዶው እኮ ቀጥ ብሎ አልወረደም" ብለው አጥር ሥር የዘሩትን በቆሎ አሳዩኝ። ቅጠሉ በሰሜን በኩል ብቻ ተተልትሏል። እኔ ሳይ የዋልኩት ከላይ ከላይ ነበር። ቆሞ የሚታየውን ጅራት በሰሜን ጎኑ በባትሪ አየሁት፤ አሥራ አንድ ስርጉድ። አንዱ ሩደሩ ላይ ነው።

ስጽፍ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "የሱንስ ቆጠርክለት" አሉ። "የእኔን በቆሎ ማን ይቁጠርልኝ?"